ጠመንጃ ሠሪው ሽጉጥ ቢያወጣ ማን ይገዛዋል?

ሄንሪ ሪፒቲንግ አርምስ የተባለው የአሜሪካ ጠመንጃ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2023 የጸደይ ወራት የመጀመሪያውን ሪቮልቨር ለገበያ ማቅረቡ ይታወሳል። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1996 ብሩክሊን ውስጥ ሲመሠረት ይዞት የተነሣው፣ በካውቦይ ፊልሞች ላይ የምናየውን ዓይነት፣ በእጅ ማንሻ እየተሳበ የሚያጎርስ ጠመንጃ ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ በዚሁ ስም ካፈራ በኋላ ነው እንግዲህ ስድስት ጥይት የሚይዝ ተሽከርካሪ ከበሮ ያለው ሽጉጥ ይዞ ብቅ ያለው። ዋጋው ከ900 ዶላር በላይ ተቆረጠለት።

ወዲያው አስተያየቱ ሁለት ቦታ ተከፈለ። አንደኛው ወገን «በዚህ ዋጋ ሪቮልቨር በመሥራት ያረጁ የኮልትና የስሚዝ ኤንድ ዌሰን ልጆች እያሉ፣ ጀማሪን ማን ይነካዋል?» አለ። ሌላው ወገን ደግሞ የናሱን ውበት፣ የእንጨት እጀታውን፣ ከጠመንጃው ጋር መመሳሰሉን አይቶ ወደደው። «ከዚህ ቤት የምንጠብቀው የድሮውን የካውቦይ ሽጉጥ ነበር፤ ይኼ ከበሮው ወደ ጎን የሚወጣ ዘመናዊ ነገር ከየት መጣ?» ያሉም አልጠፉም። ለእኔ ከሁሉም የበለጠ ትርጉም የሰጠኝ ግን ስለ መልኩ የተባለው አይደለም። ሽጉጡ የሚጎርሰው ጥይት ያው ፋብሪካ ከሚሠራው አንዱ ጠመንጃ ጋር አንድ ነው። ጠመንጃውን ቀድሞ የገዛ ሰው ጥይቱ ቤቱ አለ። በኢኮኖሚክስ ተደጋጋፊ ዕቃ የምንለው ይኼ ነው፤ ስኳር ሻይን ይሸጣል፣ ሻይም ስኳርን ይሸጣል። ፋብሪካው አዲስ ገበያ ፍለጋ በረሃ አልገባም፤ የራሱ ደንበኛ ሳሎን ውስጥ አንድ ተጨማሪ ወንበር ነው የዘረጋው።

ውድ አንባቢያን፣ የሳንሱሲ ነጋዴ የአሜሪካ ሽጉጥ ምን ገዶት ትሉ ይሆናል። መሣሪያው ራሱ አይገደንም። እኛ ዘንድ ሽጉጥ ከሱቅ መደርደሪያ የሚነሣ ሸቀጥ አይደለም፤ የመሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መያዙንም መነገዱንም ከልክሏል። የሚገደን ጥያቄው ነው። በአንድ ዕቃ ስም ያወጣ ድርጅት ሌላ ዕቃ ልጀምር ሲል፣ ገንዘባችንን ይዘን እንከተለው ወይስ ቆም ብለን እንየው? አስመጪው «ፋብሪካ ልተክል ነው» ሲል፣ ሪል እስቴቱ «ሆስፒታል ልከፍት ነው» ሲል፣ አክሲዮን ሻጩ ወረቀቱን ዘርግቶ «ስማችንን ታውቁት የለ?» ሲል የሚነሣው ያው ጥያቄ ነው። ደግሞም ጠመንጃ ሠሪ ሌላ ነገር ሲጀምር ምን እንደሚመጣ በዓለም ላይ ከእኛ የበለጠ የከፈለበት ሕዝብ ስለመኖሩ እጠራጠራለሁ። ሳንሱሲን አቋርጦ በቡራዩ፣ በሆለታ አድርጎ አምቦ የሚገባው መንገድ ከሆሚቾ የጥይት ፋብሪካ ያደርሳል። ሆሚቾ ደግሞ በአንድ ወቅት የስኳር፣ የማዳበሪያና የአውቶቡስ ሥራ የተሸከመው ትልቅ ቤተሰብ አንድ አባል ነበር። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን የቀደሙትን እንያቸው።

ሬሚንግተንን እናውቀዋለን። በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራ ላይ የግብፅ ጦር ይዞት የመጣው ጠመንጃ ሬሚንግተን ነበር፤ ከድሉ በኋላም ብዙው በኢትዮጵያውያን እጅ ቀርቷል። ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1816 በኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት በአፈሙዝ ሥራ የተጀመረ ሲሆን፣ ወደ ሪቮልቨር የገባው ከአርባ ዓመት በኋላ እ.ኤ.አ. በ1857 ነው። የመጀመሪያዋ በኪስ የምትያዝ ትንሽ ነገር ነበረች። አራት ዓመት ሳይሞላ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ፈነዳና ትልቁ ሪቮልቨሩ በብዛት ለመንግሥት ጦር ተሸጠ። ትንሿን ቀድሞ መሥራቱ እጁን አፍታቶለት ነበርና ትልቁ ትእዛዝ ሲመጣ አልደነገጠም።

ወሬው እዚህ ላይ ቢያቆም ጥሩ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ ትእዛዙም አበቃ፤ ፋብሪካው ባዶ እንዳይቆም ሬሚንግተኖች የልብስ ስፌት መኪናም፣ የእርሻ መሣሪያም፣ እ.ኤ.አ. ከ1873 ጀምሮ ደግሞ የጽሕፈት መኪናም ያዙ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ዓለምን የለወጠው የጽሕፈት መኪናው ነው። ግን ምን ያደርጋል! ሌላው ሁሉ ኪሳራ ሲያመጣ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1886 የጽሕፈት መኪናውን ክፍል ሸጠው፤ ራሱም በዚያው ዓመት ከሰረ። ስሙን ይዞ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው «ሬሚንግተን» የገዢዎቹ ንብረት ነበር እንጂ የጠመንጃ ሠሪዎቹ አልነበረም። የተሳካው ልጅ ያልተሳካላቸውን ወንድሞቹን ዕዳ ለመክፈል ተሸጠ ማለት ነው። አክሲዮን ገዢ ይህንን ከሬሚንግተን ቢማር አይከፋም፤ አዲሱ ሥራ ጥሩ ሆኖ ሳለ ድርጅቱ ሊወድቅ ይችላል።

በአንፃሩ «ቤልጅግ» አለ። አባቶቻችን በዚህ ስም የሚጠሩት ጠመንጃ ከሚወጣበት አገር ኤፍ ኤን የሚባለው ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1889 ኸርስታል ላይ የተተከለው ለአንድ ሥራ፣ ለቤልጂየም ጦር 150,000 የማውዘር ጠመንጃ ለመሥራት ነው። ትእዛዙ ሲያልቅ ምን ይሥራ? ብስክሌት ጀመረ፤ ኋላም ሞተር ብስክሌትና መኪና ጨመረ። ሽጉጥ የጀመረው ግን በራሱ ጭንቅላት አልነበረም። ብራውኒንግ የተባለውን አሜሪካዊ የፈጠራ ሰው ንድፍ በውል ወስዶ እ.ኤ.አ. በ1899 እና በ1900 አወጣው፤ ሽጉጡም ከቤቱ ስም ይልቅ በንድፍ አውጪው ስም ታወቀ። ኤፍ ኤን የጎደለውን ያውቅ ነበር። ማሽኑ አለው፣ ብረት የሚያለሰልስ እጅ አለው፤ የሽጉጥ ሐሳብ የለውም። የሌለውን ገዛ፣ ያለውን ሠራ። መኪናውና ሞተር ብስክሌቱ ዛሬ የሉም፤ ሽጉጡ ግን አለ።

የእኛም የመጀመሪያው መሣሪያ ፋብሪካ የተጀመረው ሙያው ባልሆነ ሰው እጅ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ የሰበሰቧቸው አውሮፓውያን ወንጌል ሊያስተምሩ የመጡ የእጅ ጥበብ ሰዎች ነበሩ። ንጉሡ መድፍ ሥሩ አሏቸው። የመጀመሪያው ሙከራ ከሸፈ፤ እየተሞከረ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ እየተኬደ በመጨረሻ ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተወለደ። ተጎትቶ መቅደላ ወጣ፤ ዛሬም እዚያው አለ፤ አምሳያው ደግሞ አዲስ አበባ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ቆሞ ይታያል። በ1860 ዓ.ም. ንጉሡን አላዳናቸውም። ፋብሪካ አንድ ብርቅ ዕቃ መውለዱና ገበያ ወይም ጦርነት የሚጠይቀውን ዕቃ ደጋግሞ ማምረቱ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ለማየት ቴዎድሮስ አደባባይ ድረስ ታክሲ መያዝ ብቻ ይበቃል።

የጋፋት ስም ግን አልሞተም። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ጋፋት የአርማመንት ኢንጂነሪንግ ኢንዱስትሪ ተብሎ ጠመንጃ የሚሠራው ድርጅት ስም ሆነ። ይህ ድርጅት፣ የጥይቱ ሆሚቾ፣ የቢሾፍቱ አውቶሞቲቭ፣ የደጀን አቪዬሽን፣ በሲቪል በኩል ደግሞ የአዳማው ትራክተርና የአቃቂው መለዋወጫ ፋብሪካ በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 183/2002 በአንድ ጥላ ሥር ተሰበሰቡና የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን፣ ባጭሩ ሜቴክ ተባሉ። የተፈቀደው ካፒታል 10 ቢሊዮን ብር ነበር።

እዚህ ላይ ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። በዚያ ዘመን በየሻይ ቤቱ የሚሰማው ሙግት «ወታደር ፋብሪካ ምን ያውቃል?» የሚል ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም። ጠመንጃ የሚሠራ እጅ በሺኛ ሚሊሜትር የሚለካ ሥራ የለመደ እጅ ነው። እንዲያውም ከላይ ያየናቸው ሁሉ የሚነግሩን ጠመንጃ ሠሪ ሌላ ነገር መሥራት እንደሚችል ነው። ጥፋቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው፤ እርሱም ገዢው እምቢ ማለት አለመቻሉ ነው።

የሄንሪን ሽጉጥ ያየ አሜሪካዊ ባንኮኒው ላይ ገልብጦ አይቶ «ተወው፣ የለመድኩትን ስጠኝ» ብሎ መውጣት ይችላል። ሜቴክ ሲመጣ ግን ማን እምቢ ይላል? አንበሳ የከተማ አውቶቡስ በመቶዎች የሚቆጠሩ የቢሾፍቱ አውቶቡሶችን ተረከበ። ስኳር ኮርፖሬሽን የኦሞ ኩራዝንና የጣና በለስን ፋብሪካዎች ሥራ ሰጠ። የኬሚካል ኢንዱስትሪ ኮርፖሬሽን የያዩን የማዳበሪያ ፋብሪካ አስረከበ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የሕዳሴ ግድቡን የኤሌክትሮ መካኒካልና የብረታ ብረት ሥራ ሰጠ። ገዢውም መንግሥት፣ ሻጩም መንግሥት፣ አበዳሪው ባንክም መንግሥት፤ ጨረታ የለም። ዋጋውን የሚቆርጠው ማነው? ጥራቱን አይቶ የሚመልሰውስ? ሀንጋሪያዊው ምሁር ያኖስ ኮርናይ እንዲህ ዓይነቱን ነገር የላላ የበጀት ገደብ ብለውታል፤ ድርጅቱ ቢከስርም አይዘጋም፣ ቢዘገይም አይቀጣም፣ ቢጎድልበትም ይሞላለታል። እንዲህ ያለ ድርጅት ዋጋ ቢነግርህ ዋጋ አይደለም፤ ቀን ቢቆርጥልህም ቀን አይደለም።

አሁን የአቃቂውን መለዋወጫ ፋብሪካ እንመልከት፤ ምክንያቱም የተሻለው መንገድ እዚያው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበርና። ይህ ፋብሪካ ሜቴክ ከመባሉ በፊት ለስኳር፣ ለሲሚንቶና ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ጥርስ፣ ዘንግና ሌላም መለዋወጫ ሲሠራ የኖረ ነው። ወንጂ ወይም መተሐራ አንድ ጥርስ ሲሰበርበት ከውጭ እስኪመጣ ወር ከሚጠብቅ ከአቃቂ ቢወስድ ይሻለዋል፤ ካልሆነለትም ይመልሳል። ጥርስ የሠራ ነገ የማርሽ ሳጥን ይሠራል፤ ከነገ ወዲያ የሸንኮራ መጭመቂያ ይሠራል። ይህ የሬሚንግተን የኪስ ሽጉጥ መንገድ ነው። ከጥርስ ተነሥቶ በቀን ብዙ ሺህ ቶን ሸንኮራ የሚፈጭ ሙሉ ፋብሪካ፣ ያውም ከአንድ በላይ፣ ያውም ከማዳበሪያው፣ ከአውቶቡሱና ከግድቡ ጋር በአንድ ጊዜ መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይሉ የለ?

ተፈታም። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ የሕዳሴው ግድብ የብረታ ብረትና የኤሌክትሮ መካኒካል ሥራ ከሜቴክ መነጠቁን አስታወቁ። ከ25 ቢሊዮን ብር ከሚበልጠው ውል ውስጥ ከ16 ቢሊዮን ብር በላይ ተከፍሎ ነበር፤ ሥራው ግን ከገንዘቡ በብዙ ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. ደግሞ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ በሰጡት መግለጫ፣ ሜቴክ 37 ቢሊዮን ብር ገደማ የሚያወጣ የውጭ ግዢ ያለ ጨረታ መፈጸሙን ተናገሩ። ከዚያው መግለጫ ሰዉ ሁሉ አፉን ይዞ የቀረበት የመርከቦቹ ነገር ነው። «ዓባይ ወንዝ» እና «አንድነት» የተባሉት አሮጌ መርከቦች ተቆራርጠው ለብረት ሊውሉ ተገዝተው ሳለ፣ ታድሰው ባሕር ላይ ለጭነት ተሰማሩ ተባለ። (ባሕር በሌለው አገር የጥይት ፋብሪካ ወንድም መርከብ ነጂ ሲሆን ማየት ለታሪክ ጸሐፊ ሲሳይ ነው።) የግለሰቦቹ ጥፋት የፍርድ ቤት ጉዳይ ነው፤ ይህ ዓምድ የሚያየው ገበያውን ነው።

ግድቡ የተጠናቀቀው በዘርፉ ልምድ ባላቸው የውጭ ኩባንያዎች ተሳትፎ ነው። የመጀመሪያው ተርባይን የካቲት 2014 ዓ.ም. ኃይል ማመንጨት ጀመረ፤ ግድቡም ጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሜቴክም በስሙ አልቀጠለም፤ የሲቪሉ ሥራ ኢትዮ ኢንጂነሪንግ ግሩፕ ተብሎ ተለየ፣ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎቹ ወደ መከላከያ ተመለሱ። ጥይት ሠሪው ወደ ጥይቱ ተመለሰ ማለት ነው።

ሳንሱሲ ላይ በአምቦ መንገድ ዳር ላሜራ፣ ቱቦላሬና ፌሮ ብረት የሚሸጡ አንድ አዛውንት ነጋዴ አሉ። ስለዚህ ጉዳይ ሳጫውታቸው «አንተ ልጅ፣ ይኼን ሁሉ ከምትጽፍ የብየዳውን ልጅ አትጠይቅም?» አሉኝ።

«የትኛውን ብየዳ ጋሼ?» አልኳቸው።

ከእሳቸው ብረት እየወሰደ በርና መስኮት ሲበይድ የኖረ ወጣት የኤሌክትሪክ ምጣድ መሥራት ጀምሮ ነበርና ታሪኩን አጫወቱኝ። ልጁ መጀመሪያ የሠራው ሦስት ብቻ ነው። ሦስቱንም ለሠፈሩ እናቶች ያለ ክፍያ ሰጠ፤ ወር ሙሉ ጋግራችሁበት ካልተቃጠለ ትከፍሉኛላችሁ፣ ከተቃጠለ መልሱልኝ አለ። አንዱ ተመለሰ። ሽቦው ነበር ችግሩ፤ ሽቦውን ከሚያውቅ ኤሌክትሪሺያን ጋር ተጋራና አስተካከለው። «በሩን አልተወም እኮ!» አሉ ጋሼ ጣታቸውን አንሥተው። «ምጣዱ እስኪያዋጣው ድረስ ቤት ኪራዩን የሚከፍልለት በሩ ነው።» ኤፍ ኤን ብራውኒንግን እንዴት እንዳገኘ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት፤ ነገሩን ከእኔ በፊት ጨርሰውታል።

እንግዲህ ይህንን ወደ ዛሬው የአክሲዮን ገበያ እናምጣው። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ጥር 2017 ዓ.ም. ሥራውን ካስጀመረ ወዲህ «ስሙን እያየህ ግዛ» የሚል ምክር ከየደላላው አፍ ይሰማል። ስም ግን ምን ያህል እንደሚሸጥ ኢትዮ ቴሌኮም አሳይቶናል። በአገሩ ከእርሱ የሚበልጥ የሚታወቅ ድርጅት የለም ማለት ይቻላል። ከጥቅምት 2017 ዓ.ም. ጀምሮ 100 ሚሊዮን አክሲዮን፣ እያንዳንዱን በ300 ብር አቀረበ፤ ሽያጩ በየካቲት ሲዘጋ የተሸጠው 10.7 ሚሊዮን ያህል ነው። ገንዘቡ 3.2 ቢሊዮን ብር ሆነ። ትንሽ ገንዘብ ነው አልልም፤ ግን ከቀረበው ዐሥር እጅ አንድ ገደማ ብቻ ነው። ገዢው ሊገዛም ሊተውም የሚችልበት ገበያ ሲመጣ ትልቁ ስም እንኳን በዚህ ይለካል። ለእኔ ይህ መጥፎ ዜና አይደለም፤ ሰው እያሰበ መግዛቱን ያሳያል።

ይኸው ቴሌኮም «ሽጉጥ የጀመረ ጠመንጃ ሠሪ» መሆኑንም አንርሳ። ስልክ ሲያነጋግር የኖረ ድርጅት ግንቦት 2013 ዓ.ም. ቴሌብርን አውጥቶ ገንዘብ ማዘዋወር ያዘ፤ ዛሬ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ አለው። እንደ ሄንሪ ሁሉ የጀመረው ከራሱ ደንበኛ ነው፤ ሲም ካርዱ ቀድሞ ኪሳችን ውስጥ ነበር፤ ጥይቱ አንድ ነው። የሚፎካከሩት ባንኮች አሉ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ ደግሞ የሳፋሪኮም ኤም ፔሳ መጥቷል። ነገር ግን ሒሳቡን በትክክል እንሥራ ከተባለ፣ በ2015 ዓ.ም. ነዳጅ በዲጂታል ካልተከፈለ አይቀዳም ሲባል ማደያው ደጅ ተሰልፎ ቴሌብርን ስልኩ ላይ የጫነው ሾፌር ነፃ ገዢ አልነበረም። ስለዚህ የቴሌብርን ደንበኛ ብዛት ያነበበ ባለአክሲዮን «ከእነዚህ ውስጥ ማንም ሳያስገድደው ነገም የሚጠቀመው ስንቱ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ነገር ፈላጊ አይባልም። የአውቶቡሱን ቁጥር ስንሰማ ሳንጠይቅ የቀረነው ያንኑ ነበር። ስንት አውቶቡስ ወጣ ተብሎ ተጨበጨበ፤ አንበሳ በሌላ ቦታ መግዛት ቢችል ኖሮ ስንቱን ይገዛ ነበር ያለ ግን አልነበረም።

የደንበኛ መግለጫ ሰነድ ስታነቡ፣ አንባቢያን ሆይ፣ ስለ አዲሱ ሥራ የተጻፈውን ክፍል ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ገጽ ላይ ነው የሚቀመጠው። እዚያ የሠንጠረዡን ቁጥር ትታችሁ የመጀመሪያው ገዢ ማን እንደሆነ እዩ። «መንግሥታዊ ተቋማት» ብቻ ከሆነ፣ ወይም እኅት ኩባንያው ከሆነ፣ ምርቱ ገና ገበያ አላየም። ነባሩ ሥራ አዲሱን ስንት ዓመት ሊሸከመው እንደሚችልም ከነባሩ ትርፍ ላይ በእርሳስ ሊሰላ ይችላል፤ ይህ ለማንም ነጋዴ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። አዲሱ ሥራ ካልሆነ የሚተውበት መስመር የት እንደሆነ የጻፈ ድርጅት ግን እስካሁን አላጋጠመኝም። ተቆጣጣሪው የካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በግዴታ ቢያስጽፍ ከብዙ ማስታወቂያ ይልቅ ትጠቅመናለች ብዬ አምናለሁ።

የሄንሪ ሪቮልቨር ይዋጣለት አይዋጣለት የባለቤቶቹ ጉዳይ ነው። የወጣው በአንድ የአፈሙዝ ርዝመትና በሁለት ዓይነት እጀታ ብቻ ነው። ባይሸጥ ጠመንጃው ይሸጣል፤ ዕዳውንም የብሩክሊን ሾፌር በግብር አይከፍልም።

የሳንሱሲው ብረት ሻጭ የቴሌኮሙን አክሲዮን ገዝተው እንደሆነ ጠይቄያቸው ነበር። ገዝተዋል፤ ዝቅተኛውን 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር። «የመጀመሪያዋ ምጣድ ናት» አሉኝና ላሜራ ሊቆርጥ ወደመጣው ደንበኛቸው ዞሩ።